ይላሉ

እትዬ አየለች ድምጿን የምታውሰው ለሞተ ሰው ብቻ ነበር። ቁስቋም አካባቢ ሰው ሲያርፍ መጀመሪያ የሚላከው ለንስሐ አባቱ ነው፤ ቀጥሎ ለእሷ። ትመጣለች፣ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፣ ከዚያ የሟቹ እናት ትሆናለች። ሚስት ካለችው ደግሞ ሚስቱን ትሆናለች። «ልጄን!» ስትል የገዛ ልጇ የሞተ ይመስል ነበር፤ ልጅ ግን ወልዳ አታውቅም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ ከፊት ከፊት እየመራ ወደ ቤታችን ሲያስገባት፣ እናቴም መስኮቱ ላይ ጋቢ ስትሰቅል፣ ከእኛ ዘንድ ሰው መሞቱን አወቅሁ። ማን እንደሆነ ብቻ ነው ያላወቅሁት።

«ማነው የሞተው?» አልኩ።

«ኧረ አፍሽን ያዥ ፀደይ!» አለች እናቴ ብርነሽ። «ማንም አልሞተም። ሬድዮ ነው።»

አባቴ የሺዋስ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። እሑድ እሑድ ደግሞ ከተማችን ውስጥ ባለ አንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ላይ ፕሮግራም ነበረው። የአሜሪካ ሬድዮዎች ስለ ከተሞቻቸው ችግር የሠሯቸውን ዘገባዎች ያመጣና ወደ አማርኛ እየመለሰ ያቀርባል። አንድ ሳምንት በቧንቧው ውሃ እርሳስ የሚባል መርዝ ስለሚወርድበት ከተማ ይሆናል፤ ሌላ ሳምንት መኪና ውስጥ ስለሚያድሩ ሰዎች። አባቴ ፕሮግራሙን የሚሠራው ጎንደርን እያሰበ ነው፤ ይህን ግን እኔ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የገባኝ አሜሪካ እጅግ የተቸገረ አገር መሆኑ ነበር። የሰፈሩ ጎረምሶች ዲቪ ሊሞሉ ወደ አራዳ ሲወርዱ ሳይ አንጀቴን ይበሉት ነበር።

የዚያ ሳምንት ዘገባ ነዋሪው ጥሎት ስለሄደ አንድ ከተማ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ባዶዎቹን ቤቶች እያፈረሰ ነው፤ በመካከላቸው የቀረች አንዲት አሮጊት ግን አልወጣም ብላለች። ስሟ ግላዲስ ይባላል። አባቴ እስከዚያ ድረስ የወንዱንም የሴቱንም ድምፅ ራሱ ነበር የሚያነበው፤ ሰፈሩም «መምህር ዛሬ ደግሞ አሮጊት ሆነህ ዋልክ አሉ» እያለ ያሾፍበታል። ሰልችቶት ነው መሰለኝ እትዬ አየለችን ጠራት። ማንበብ ስለማትችል እሱ ሊላት፣ እሷ ደግማ ልትል ተስማሙ።

አባቴ መስኮቱ ላይ የተሰቀለው ጋቢ የውጭውን ድምፅ ማፈኑን አረጋገጠና ከጣቢያው ያመጣትን መቅረጫ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እንግዲህ እኔ የምልሽን ብቻ ነው የምትይው፣ እትዬ።»

«እንግዲህ እኔ የምልሽን ብቻ ነው የምትይው፣ እትዬ» አለች።

«አይ፣ ይሄን አይደለም።»

«አይ፣ ይሄን አይደለም።»

እናቴ በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች። አባቴ ማሽኑን አጠፋና ገና ከመጀመሪያው አስረዳት። ስሙ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ።

«ወይዘሮ ግላዲስ።»

«ወይዘሮ ገላውዴዎስ።»

«ግላዲስ!»

«ምነው፣ ሴት አይደለችም እንዴ? ምነው የንጉሥ ስም አወጡላት?»

ስሙን አባቴ ራሱ ሊለው ወሰነና ወደ ንግግሩ አለፉ። እሱ እየቆራረጠ ይላል፤ እሷ ትከተላለች። «‹ይህን ቤት ከባለቤቴ ጋር ነው ያቆምነው› ይላሉ። ‹ግራ ቀኜ ፈርሷል፤ እኔ ግን አልወጣም› ይላሉ። ‹የሚያስወጣኝ ካለ መጥቶ ዓይኔን እያየ ይንገረኝ› ይላሉ።»

ድምጿ የእሷ አይመስልም ነበር፤ እቃ እንደሚቆጥር ሰው ደርቆ ነበር የሚወጣው። መሀል ላይ ቆመች።

«ይችን ‹ይላሉ› የምትላትን አውጣልኝ፣ መምህር። አፌን ያዘችኝ።»

«እንዴት ትወጣለች? ቃሉ የሴትዮዋ መሆኑ የሚታወቀው በእሷ እኮ ነው።»

«አንዲት ሴት አይደለችም? እነማን ናቸው የሚሉት? ‹ይላሉ› ሲሉት ወሬ ይሆናል። ይዘንባል ይላሉ። እከሌ ታመመ ይላሉ።»

«እሱማ ለክብር ነው። ትልቅ ሴት ስለሆኑ።»

«ክብር ካሰቡላት ቤቷን ይተዉላት» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ደሞስ እኔ ለቅሶ ላይ ‹ልጄን!› ስል ‹ይላሉ እናቱ› እላለሁ? ሰዉ ይስቅብኛል እንጂ ያለቅሳል?»

እኔ ምላሷ የተያዘ ነው የመሰለኝ። ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ «ይላሉ፣ ይላሉ፣ ይላሉ» እያልኩ ሞከርኳት፤ ምንም አትከብድም። ትልቅ ሰው ይህችን መናገር እንዴት ያቅተዋል ብዬ ታዘብኳት። አባቴ ደግሞ ስለ ሙያ የምትነግረው መሰለው። በኋላ ለእናቴ «ይቺ ሴት ሳትማር ተማረች፤ እኛ ጣቢያ ያሉት ሁሉ ይህ አይገባቸውም» ሲላት ሰምቻለሁ። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር።

‹ይላሉ› ወጣች። እትዬ አየለች ነጠላዋን አስተካከለችና እንደገና ጀመረች። «ይህን ቤት ከባለቤቴ ጋር ነው ያቆምነው። ግራ ቀኜ ፈርሷል፤ እኔ ግን አልወጣም። የሚያስወጣኝ ካለ መጥቶ ዓይኔን እያየ ይንገረኝ።» ለቅሶ አልነበረም፤ አልጮኸችም። ስትጨርስ እናቴ የያዘችውን ሽንኩርት አስቀምጣ ቆማ ነበር። አባቴ ማሽኑን ማጥፋት ረሳና የኮርኒሱ አይጥ ሁሉ ተቀረጸ።

በዚያው ሰሞን የአንዳንዱ ጎረቤት ግድግዳ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። የእትዬ አየለች በር አጠገብ ተቀብቷል፤ የባለሱቁ የአያ ሐብተ ማርያም ግድግዳም እንደዚሁ። የእኛን ዘለውታል። ጥምቀት እየደረሰ ስለነበር ለበዓሉ የሚያስጌጡ መስሎኝ ቅር ብሎኝ ነበር፤ እኛን ለምን አልቀቡንም ብዬ እናቴን ብጠይቃት «ስም አይጠሬ! ከአፍሽ ይመለስ!» ብላ አማተበችብኝ። ለካ በሰፈሩ አዲስ መንገድ ሊያልፍ ነው። ቀይ የተቀባው ይነሳል፤ እኛ እንቀራለን። እትዬ አየለች የምትኖርባት አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ከባሏ ጋር ከኋላዋ ጓዳ በገዛ እጃቸው የቀጠሉባት፣ ባሏም ያረፈባት ናት። ከዚያች ሌላ መግቢያ አልነበራትም። አባቴ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ቢሆንም ያቺን ቅዳሜ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጦ የሚያስበው ስለ አሜሪካ ነበር፤ ከእሷ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ።

እሑድ መብራት ጠፍቶ ዋለ። ፕሮግራሙ መጀመሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ምን ይደረግ። አያ ሐብተ ማርያም ሱቅ በር ላይ ሰዎች እንደ ልማዳቸው ተቀምጠዋል። ድንገት አምፖሉ ቦግ አለ፤ ሬድዮኑም በከፍተኛ ድምፅ ከመሀል ጀመረ። «... ከባለቤቴ ጋር ነው ያቆምነው። ግራ ቀኜ ፈርሷል፤ እኔ ግን አልወጣም።»

«አየለች ናት!» አለ አንዱ።

«ዝም በል፣ እንስማ!»

ሰሙ። ከእሷ ቀጥሎ አባቴ ስለ ማዘጋጃ ቤት፣ ስለ ካሳ፣ ስለ ነዋሪዎች መብት ሲያወራ ሰሙ። የትኛው ማዘጋጃ ቤት እንደሆነ የተነገረው መብራቱ ሳይመጣ ነው።

እትዬ አየለች ቀሐ በኩል ቀብር ውላ በሱቁ ስታልፍ ሰዉ ሁሉ ተነሳላት። አያ ሐብተ ማርያም ባንኮኒውን ዘሎ ወጣ።

«አበጀሽ! አበጀሽ አየለች! ወንዱ ሁሉ ጭራውን ቆልፎ በተቀመጠበት!»

«ምን አደረግሁ?»

«በሬድዮ! ‹ዓይኔን እያየ ይንገረኝ!› አልሽ። ወላዲቷን፣ ፀጉሬ ነው የቆመው።»

«የትኛው ፀጉርህ?» አለች። ራሰ በራ ነበር። ሁሉም ሳቁ። እኔ ከእናቴ ጎን ቆሜ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ። አሁን ትነግራቸዋለች፤ የእኔ አይደለም፣ የግላዲስ ነው ትላቸዋለች እላለሁ። እትዬ አየለች ሰዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። እኔንም አየችኝ። ከዚያ «ብያለሁ» አለች። «አልወጣም። እናንተስ?»

በጣም ነው ያዘንኩባት። አሜሪካ ያለችው ምስኪን አሮጊት ቤቷ ሊፈርስባት ነው፤ ይቺ ደግሞ ቃሏን ቀማቻት። እርሳሴን ሲወስዱብኝ የሚሰማኝ ዓይነት ንዴት ነበር የተሰማኝ።

በማግሥቱ ባለ ቀይ ቀለሞቹ አንድ ላይ ወደ ቀበሌ ሄዱ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ለብቻው ነበር የሚጠራው፤ ለብቻው ነበር እሺ ብሎ የሚመለሰው። አያ ሐብተ ማርያም ሱቁን ዘግቶ ከፊት ቀደመ። እትዬ አየለች መሀል ሆና ትሄዳለች። ለቀብር የሚሄዱ መስሎኝ ነበር፤ ግን ይስቁ ነበር። «አንወጣም ካልን ምን ያመጣሉ?» የሚል ሰማሁ። «ከነቤታችን ነው የሚገፉን?» የሚል ሰማሁ። ሳምንቱን ሙሉ በየደጁ ይኸው ወሬ ነበር። መንገዱ በላይኛው ባዶ መሬት በኩል ቢዞርስ የሚል ሐሳብ ያን ሰሞን እንደተነሳ፣ መሐንዲሶችም መጥተው እንዳዩት አሁን አውቃለሁ። እኔ ራሴ የተማርኩት የከተማ ፕላን ነው፤ ቦታውን ሄጄ አይቼዋለሁ፤ መዞር ይችል ነበር።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከቀበሌ የመጣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ቤታችን ተቀምጧል። ማስቲካ ሰጠኝ፤ ወዲያው ወደድኩት።

«መምህር፣ እርስዎ ያስተማሩኝ ሰው ነዎት» ይላል። «ለዚህ ነው ቢሮ ያላስጠራሁዎት።»

«አውቃለሁ፣ አመሰግናለሁ» ይላል አባቴ።

«እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቃሉ የማን ነው? የሴትዮዋ ከሆነ እሷን የሚጠይቃት አለ። ሕዝብ አነሳስታለች የሚሉ አሉ። የፈረንጇ ከሆነ ደግሞ ይነገርና ነገሩ ይብረድ።»

«ትርጉም ነው። እኔ ነኝ የተረጎምኩት።»

«እንግዲያው በሬድዮ ይበሉት። ለእሷም የሚበጀው እሱ ነው።»

አባቴ ሻዩን ሳይጠጣው እፍ እፍ ይላል፤ ሻዩ ከቀዘቀዘ ቆይቶ ነበር። እናቴ እንግዳው ሲወጣ «እንዳያስሯት የሺዋስ፤ ሰው የላትም እኮ» አለችው። ለእሷ ፈርቶ ነበር፤ ለራሱም ለሥራውም ፈርቶ ነበር። የትኛው ፍርሃት እንደበለጠ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

እሑድ መብራት አልጠፋም። አባቴ ጣቢያው ሄዶ በቀጥታ ነበር ያነበበው፤ እኛ ሱቁ በር ላይ ሰማነው። «ባለፈው ሳምንት ፕሮግራማችን ላይ ‹እኔ ግን አልወጣም› የሚል ንግግር ተሰምቶ ነበር። ይህ የከተማችን ነዋሪ ቃል አይደለም። ‹አልወጣም› ይላሉ በአሜሪካ የሚኖሩት ወይዘሮ ግላዲስ። ‹ዓይኔን እያየ ይንገረኝ› ይላሉ ወይዘሮ ግላዲስ። ለተፈጠረው መደናገር አድማጮቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።»

አባቴ ያን ያህል ጥርት ብሎ አንብቦ አያውቅም። ኮራሁበት። የግላዲስ ቃል ለግላዲስ ተመለሰላት፤ እትዬ አየለችንም ከእስር አዳናት። በአንድ ጊዜ ሁለት ሴት ያዳነ አባት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አሰብኩ።

አያ ሐብተ ማርያም ሬድዮኑን ዘጋ። ከዚያ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር።

«ለካ የፈረንጅ ወሬ ኖሯል! እኔ ደግሞ ሱቄን ዘግቼ ሰልፍ የወጣሁት ባሕር ማዶ ላለች አሮጊት ነው?»

«ገንዘብ ያላት ናት እሷማ፤ እንደ ልቧ ትናገራለች» አለ ሌላው።

«አንቺስ ምነው አትነግሪንም፣ አየለች?»

እትዬ አየለች የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰዎቹ አንድ ሁለት እያሉ ተነሱ፤ በየቤታቸው ገቡ። አባቴ ከጣቢያው ሲመለስ ብቻዋን አገኛት። እኔ ሮጬ እጁን ያዝኩ።

«ሸጋ አነበብክ፣ መምህር» አለችው።

«ለአንቺ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ።»

ያመሰገነችው ነበር የመሰለኝ። ለእናቴም «እትዬ አየለች አባባን ሸጋ አነበብክ አለችው» ብዬ ነገርኳት፤ እናቴ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ለየብቻው ተጠራ፤ ለየብቻው ፈረመ። አያ ሐብተ ማርያም አራዳ አካባቢ ሱቅ ተሰጠው ተባለ። ክረምቱ እንዳለፈ ትልቅ ቢጫ መኪና መጣና ሰፈሩን ሲገፋው የልጆቹ ሁሉ ደስታ ልክ አልነበረውም፤ የእኔም። እትዬ አየለች ከአልጋዋና ከድስቶቿ ጋር አይሱዙ ላይ ተጭና ከአዘዞ ወዲያ ወደተሰጣት ቦታ ሄደች። ከላይ ሆና ስለምታየን ትልቅ ሰው የሆነች መስሎኝ እጄን አውለበለብኩላት። ሩቅ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ለቅሶ የሚጠራት ጠፋ። አባቴም ፕሮግራሙን ተወው።

አባቴ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ነገር ነው የሚያላምጠው፤ ‹ይላሉ›ን ባላወጣት ኖሮ፣ ሰው ባልተደናገረ፣ እሷም በሰው ዓይን ባልገባች፣ ምናልባት ይተዉላት ነበር። የምግብ ሰዓት ላይ ያነሳዋል። ዜና እየሰማ ያነሳዋል። እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ ለዚህ ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ነው ያለኝ። ባለፈው የካቲት ለእረፍት መጥቼ አሁንም ሲጀምር «በቃ ተነስ» አልኩት። «ሄደህ ለራሷ ንገራት።»

ባጃጅ ኮንትራት ይዘን ሄድን። ሰፈሩ የቆርቆሮ ነው፤ ቢጫ ጀሪካኖች ውሃ በማይመጣበት ቧንቧ ሥር ተሰልፈው ይጠብቃሉ። እትዬ አየለች ደጇ ላይ ተቀምጣ የሽሮ ክክ ትለቅማለች። ዓይኗ ደክሟል፤ አባቴ ገና «እንደምን ዋልሽ» ሲል ግን ቀና አለች።

«መምህር! ድምፅህ አላረጀም። ይቺስ ማናት? ያቺ ‹ማነው የሞተው› ባይዋ?»

«እሷ ናት።»

«ሸጋ አደገች። ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ።»

አባቴ አጠገቧ ባለ የባቄላ ጆንያ ላይ ተቀመጠና ወዲያው ጀመረ። «እትዬ አየለች፣ ያቺን ‹ይላሉ› ባላወጣት ኖሮ...»

«ማን አውጣት አለህ? እኔ አይደለሁም?»

«አፌን ያዘችኝ ስላልሽኝ...»

«አዎ ያዘችኝ! የራሴን ነገር እንዳልናገር ነዋ የያዘችኝ። ግድግዳዬ ቀይ ተቀብቶ ነው እኮ የጠራኸኝ። ሴትዮዋ ያለችውን ስሰማ፣ ይቺ እኔ አይደለሁም እንዴ አልኩ። እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል? በአንተ ሬድዮ ስናገር ግን ሰሙ። ያወጣሃት ጊዜማ ቤት ነበረኝ።» ክኩን በእጇ በተነች። «የመለስካት ጊዜ ነው የፈረሰው።»

አባቴ እስከዚያች ቀን ድረስ የተጸጸተው በተሳሳተው እሑድ ነበር። ፊቱን ማየት አልፈለግሁምና ጀሪካኖቹን አየሁ።

«እንዳያስሩሽ ብዬ ነው» አለ።

«ይሰሩኝ ነበራ። እስር ቤትስ ቤት አይደል?» ብላ ሳቀች። ብቻዋን ነበር የሳቀችው። ከዚያ፣ «ያቺ ገላውዴዎስ ግን አፈረሱባት?»

«አላውቅም። ዘገባው ሳይነግረን ነው ያለቀው።»

«ጠይቀህም አታውቅ?»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ስልኬን አወጣሁና ልፈልግላት ሞከርኩ። የከተማውን ስም አገኘሁት፤ እሷን አላገኘኋትም። ከዚያ «እትዬ፣ አሁን ልቅረጽሽ? የሆነውን ሁሉ በራስሽ አንደበት ተናገሪው» አልኳት። እንደ ሞኝ አየችኝ።

«ምን ያደርግልኛል ልጄ? ቤቱ እኮ መንገድ ሆኗል። መንገዱን ተነስ ልበለው?»

ስንነሳ አባቴ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዛ ቀና አደረገችው። «ተው፣ ወገብህን ያምሃል» አለችው። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ አልልም አላለችም።

በመልሱ ቁስቋም ልንደርስ ስንል አባቴ ሾፌሩን በላይኛው በኩል እንዲዞር ለመነው።

«አባቴ፣ አቋራጩ ይኼ አዲሱ መንገድ ነው እኮ» አለ ሾፌሩ።

«በአቋራጩ ሂድ» አልኩት እኔ። መሽቶብን ነበር፤ ደክሞኝ ነበር።

ባጃጁ አስፋልቱ ላይ ወጣ። የእትዬ አየለች ቤት የቱ ጋ እንደነበረች እኔ አላስታውስም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ነው። አባቴ ግን አንድ ቦታ ላይ ስንደርስ የፊቱን ብረት በሁለት እጁ ጨበጠና ሁለቱን እግሮቹን ከወለሉ አነሳ። እስክናልፍ ድረስ አንጠልጥሏቸው ቆየ።